የሞተች ባትሪ ዕዳ የማን ነው?

በአገራችን ከተሞች አንድ ልጅ ለስላሳ መጠጥ እንዲገዛ ወደ ሱቅ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ከገንዘቡ ጋር ባዶ ጠርሙስ ይሰጠዋል። ባዶ ጠርሙስ ይዞ ያልሄደ እንደ ሆነ ባለሱቁ መጠጡን እዚያው ጠጥቶ ጠርሙሱን እንዲመልስ ያዘዋል፤ አለዚያም ስለ ጠርሙሱ መያዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀበለዋል። ልጁ ጠርሙሱን በመለሰ ጊዜ መያዣው ይመለስለታል። ፋብሪካውም የተመለሰውን ጠርሙስ አጥቦ እንደገና ይሞላዋል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የዘበኛ ቁጣ ወይም የአስተማሪ ምክር አይደለም። ጠርሙሱ ባዶም ሆኖ ዋጋ ስላለው ነው። በየመንገዱ ዳርና በየቦዩ ተጥሎ የሚታየው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሆን፣ የመስታወቱ ጠርሙስ ግን እምብዛም የማይገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጠርሙስ ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም በብዙ አገሮች በወጣቶች ዘንድ «ቬፕ» እየተባለ የሚጠራው፣ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ የተሠራው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ዕቃው በመጠኑ ከአንድ ወፍራም እስክሪብቶ ብዙም አይበልጥም። በውስጡ ግን የሊቲየም ባትሪ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሽቦ ጥቅልል፣ ፈሳሽ የጠጣ ስፖንጅና ትንሽ መብራት ተጠቅጥቀው ይገኛሉ። አጫሹ በአንደኛው ጫፍ በሳበ ጊዜ አንዲት ትንሽ መሣሪያ የአየሩን እንቅስቃሴ ታውቅና ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወደ ሽቦው እንዲያልፍ ታደርጋለች። ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ይተናል። ፈሳሹ ከግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል፣ ከፍራፍሬ ጣዕም መስጫና ከኒኮቲን የተቀመመ ነው። ኒኮቲን ሱስ የሚያሲዝ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው።

ፈሳሹ ሲያልቅ ዕቃው ይጣላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በዚህ ጊዜ ባትሪው ገና ያልደከመ መሆኑ ነው። በለንደንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ዕቃዎች የወጡ ባትሪዎች ከ450 ጊዜ በላይ ኃይል ሊሞሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህም ማለት ለዓመት ከዚያም በላይ ሊያገለግል የሚችለው ባትሪ ለጥቂት ቀን ካገለገለ በኋላ ቆሻሻ ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በብሪታንያ በየሳምንቱ አምስት ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ይጣሉ እንደ ነበር የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚከታተል አንድ የአገሩ ድርጅት አስልቷል። በውስጣቸው ያለው ሊቲየም በዓመት ሲደመር ለአምስት ሺህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ሀብት ሰብስቦ መልሶ መጠቀም ስለምን አልተቻለም? ምክንያቱ ከዕቃው አሠራር የሚመነጭ ነው። ዕቃው ሲሠራ እንዲዘጋ እንጂ እንዲከፈት ታስቦ አልተሠራም። ብሎን የለውም፤ ቅርፊቱ ተጣብቆ ወይም ተጨምቆ የተገጠመ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ አንድ በአንድ በእጁ ፈልቅቆ ባትሪውን ከኒኮቲን ከራሰው ስፖንጅ መለየት አለበት። በመዶሻ ወይም በመፍጫ እንዳይሰብረው የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ በራሱ ይነዳል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ባለው የአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በቆሻሻ መኪናዎችና በቆሻሻ ማከማቻዎች በባትሪ ምክንያት ከ1,200 በላይ ቃጠሎዎች ተነሥተዋል። ከዚህ ሁሉ ድካምና አደጋ በኋላ ከአንዱ ዕቃ የሚገኘው ሊቲየም ከግራም ሩብ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የሠራተኛው የጥቂት ደቂቃ ደመወዝ ብቻውን ከሚገኘው ማዕድን ዋጋ ይበልጣል።

አንዳንድ መንግሥታት ነገሩን ከሥሩ ለመቁረጥ ሞክረዋል። ቤልጂክ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 መግቢያ ጀምሮ፣ ብሪታንያ ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የአንድ ጊዜውን ዕቃ ሽያጭ ከልክለዋል። አምራቾቹ ግን ከዕቃው ሥር የኃይል መሙያ ቀዳዳ አበጅተው ያንኑ በሚመስል መልክና በተቀራራቢ ዋጋ ማቅረብ ጀመሩ። የገዛው ሰው ኃይል ሞልቶ ካልተጠቀመበት ቀዳዳው ለሕጉ ማለፊያ ከመሆን በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ሕግ ከዚህ ሁሉ ቀድሟል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይከፋፈልና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የአዋጁ ዓላማ የወጣቱን ጤና መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የክልከላ አዋጅ በድብቅ ገብቶ ስለ ተጣለው ባትሪ የሚለው ነገር የለም። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። የቀድሞ ሰዎች ከቅል፣ ከሸምበቆና ከሸክላ በተሠራ ጋያ ትምባሆ ያጤሱ ነበር። የካርቱም ሰዎች ደግሞ ትምባሆን ከአትሩን ጋር ለውሰው «ቶምባክ» የሚሉትን በከንፈራቸው ሥር ይይዛሉ። ሁለቱም ጤናን ይጎዳሉ፤ ቶምባክ የአፍ ነቀርሳ እንደሚያስከትል ታውቋል። ነገር ግን ቅሉም ሆነ ቅጠሉ ከሱሰኛው አልፎ ለጎረቤት የሚተርፍ ባትሪ አልነበረውም።)

ነገሩ ደግሞ በሲጋራ የሚያበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ በሚገባ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ ቢባል፣ መልሱን ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ መርካቶ መሄድ ይረዳል።

በአዲስ አበባ ሠፈሮች ማዳበሪያ ከረጢት በትከሻው አንግቶ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ የለም። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ቆራሌው የሚገዛውን ያውቃል። አሮጌ ብረት፣ መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ጄሪካን፣ ያረጀ ጫማና የመኪና ባትሪ ይገዛል። የገዛውም በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በርባሶ ጫማ፣ ቁርጥራጭ ብረቱ መጥረቢያና ማጭድ ሲሆን ይታያል። እዚህ የሚሠራው ሥራ በሌሎች አገሮች በብዙ ደመወዝና በብዙ ማሽን የሚሠራ ነው። ቆራሌው ግን በጡንቻውና በዓይኑ ይሠራዋል፤ ከማንም የሚከፈለው ደመወዝም የለም። ይህን ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚመለከት ሰው የከተማውን ኑሮ በደንብ አላወቀም።

ይሁንና ቆራሌው የሚለየው በዋጋ እንጂ በጉዳት አይደለም። ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፑል ወይም ያለቀ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ብታቀርብለት እጁን አይዘረጋም። ዋጋ የሌለው ነገር በቆሻሻ መኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ይህ ስፍራ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በረጲ አካባቢ የሚገኘው ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከነዋሪዎቹ መካከል ከቆሻሻው ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩበት። ሌላው የከተማ ሕዝብ በነጻ የጣለውን ነገር ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ጣቢያ ተመረቀ። ነገር ግን የሚቃጠል ቆሻሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወረቀትና ጨርቅ ሲነዱ ጥቂት አመድ ይተዋሉ፤ በባትሪ ውስጥ ያለው ማዕድን ግን በእሳት አይጠፋም፤ በአመዱ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄውን ይበልጥ ከባድ ሆኖ ለማየት ወደ ካርቱም መሻገር ያስፈልጋል። ካርቱም ከጣና የሚነሣው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት፣ ከኦምዱርማንና ከሰሜን ካርቱም ጋር ሦስት ሆና እንደ አንድ የምትቆጠር ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያንም ለረጅም ዘመን የኖሩባት ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በፈነዳ ጊዜ የከተማይቱ የውሃ፣ የመብራትና የቆሻሻ ማንሣት አገልግሎት ተሰናከለ። ዘራፊዎች የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ትራንስፎርመሮችን እየፈቱ፣ ገመዱን ከመሬት እየነቀሉ፣ መዳቡን ለመሸጥ ሽፋኑን አቃጠሉ። ዋጋ ያለው ነገር ገና በሥራ ላይ ሳለ ተነቀለ ማለት ነው፤ ቆሻሻው ደግሞ የሚያነሣው አጥቶ በየመንገዱ ተከመረ።

መብራት የጠፋበት ቤተሰብ ውሃ ለመሳብ፣ ስልክ ለመሙላትና መድኃኒት ለማቀዝቀዝ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ በጣራው ላይ ሰቀለ። በካርቱም ፀሐይ አትጠፋም፤ ለዚህ ተግባር ከካርቱም የተሻለ ሰማይ ያለው ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ሠራዊቱ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የካርቱምን ክፍለ ግዛት በሙሉ መያዙን ካስታወቀ በኋላ በብዛት ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሰዎችም በቅድሚያ ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ማታ እንዲያበራ የሚያደርገው ባትሪ ግን እንደዚያ አይደለም። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በሙቀት ይጎዳል፤ በመሐንዲሶች ልማዳዊ ስሌት መሠረት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በካርቱም በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ በጦርነቱ ወራት የተተከሉት ባትሪዎች ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው እየደከሙ መውደቃቸው የማይቀር ነው።

የእርሳሱ ባትሪ እንደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው ሜዳ ላይ አይጣልም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ስለ ሆነ ገዢ አለው። አደጋውም የሚመጣው በዚሁ በዋጋው በኩል ነው። ችግረኛው ሰብሳቢ ባትሪውን በመጥረቢያ ይሰብራል፤ ሰልፈሪክ አሲዱን በመሬት ላይ ያፈሳል፤ እርሳሱን በጓሮው በከሰል ያቀልጣል። ጢሱና አቧራው በሕፃናት እጅና አፍ ይገባል። የሕፃን አካል ከዋጠው እርሳስ ውስጥ የሚወስደው ከአዋቂው አራት አምስት ጊዜ ይበልጣል፤ እርሳስም የአእምሮን እድገት ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ ትያሮይ ሱር መር በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። እናቶቻቸው ከአሮጌ ባትሪ የተራገፈውን አፈር እየነፉ እርሳስ የሚለቅሙ ነበሩ።

በኬንያም በሞምባሳ ከተማ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው ሠፈር አንድ የባትሪ ማቅለጫ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 ሠርቷል። ነዋሪዎቹ ስለ ደረሰባቸው የእርሳስ መመረዝ ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያውና ሥራውን ሊቆጣጠሩ ይገባ የነበሩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደ። ነገሩ በይግባኝ ሲጓተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። «ማን ይክፈል?» ለሚለው ጥያቄ በአህጉራችን ከተሰጡት መልሶች ይህ አንዱ ነው፤ ነገር ግን መልሱ የመጣው ጉዳቱ ከደረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከጉዳቱ በፊት የሚከፍለው ማን ይሁን? ተጠቃሚው ይክፈል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰው ዕቃውን በሚጥልበት ቀን ክፈል ቢባል በሌሊት ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ከተማው ይክፈል ቢባል ደግሞ ባትሪ ገዝቶ የማያውቀው ድኃ በግብሩ ለገዢው ይከፍላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቶማስ ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ ምሁር ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ባቀረበው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አመለከተ። አምራቹ ዕቃው ሲያረጅ መሰብሰቡንና ማስወገዱን በኃላፊነት ይያዝ፤ ወጪውም ዕቃው በሚሸጥበት ቀን በዋጋው ውስጥ ይካተት አለ። የዚህ ሐሳብ ብልሃቱ ከገንዘቡ ይልቅ በሌላ ነገር ላይ ነው። የሚፈታውን ሰው ደመወዝ የሚከፍል አምራች ዕቃውን በቀላሉ እንዲፈታ አድርጎ ለመሥራት ይገደዳል። ያ ተጣብቆ የተሠራው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሊሠራ የቻለው መፍቻውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ይህ መንገድ ለስዊድን የሚመች ቢሆንም ለካርቱምና ለአዲስ አበባ እንዳለ አይሆንም። አምራቹ በባሕር ማዶ ነው፤ ስሙም በዕቃው ላይ በትክክል ላይጻፍ ይችላል። ስለዚህ በአምራቹ ቦታ ሊቆም የሚችለው አስመጪው ነው። ለሱዳን ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው በፖርት ሱዳን፣ ለኢትዮጵያ ከሚመጣው አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ቀረጥ በሚከፈልበት በዚያው መስኮት በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ የመሰብሰቢያ ክፍያ መቀበል ይቻላል። በበኩሌ ይህ ክፍያ ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ጋር ከተቀላቀለ ሌላ ግብር ከመሆን አያልፍም ባይ ነኝ። ተለይቶ ተቀምጦ፣ የሞተውን ባትሪ ይዞ ለሚመጣው ሰው ሊከፈል ይገባዋል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። ደንብ በቆራሌው ከረጢት ውስጥ የሚገባው ግን ከገንዘብ ጋር ሲመጣ ነው። ቆራሌውን ከሥራው አስወጥቶ በአንድ ትልቅ ኩባንያ መተካትም ስሕተት ይመስለኛል፤ እርሱ በየበሩ ይደርሳል፤ ኩባንያው ግን እስከ አውራ ጎዳናው ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቆራሌው ባትሪውን ሳይሰብር ለሚያስረክብበት ጣቢያ የተሻለ ዋጋ መመደብ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል። ዛሬ በእርሳሱ ባትሪ ምትክ በየገበያው የሚገባው የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ ሙቀትን የተሻለ ይችላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ እርሳስም የለበትም። ኮባልትና ኒኬልም ግን የሉበትም፤ ስለዚህ ሲሞት የሚፈልገው ነጋዴ ጥቂት ነው። የካርቱም ጣራዎች ከእርሳስ ወደዚህ ባትሪ በተሻገሩ መጠን ከመርዙ እየዳኑ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማንም የማያነሣውን ከባድ ዕቃ እያከማቹ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ትልቁ ባትሪ የትንሹን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዕጣ ይይዛል። ሁለቱን ከመጣል የሚያድናቸው በሚሸጡበት ቀን የተያዘ መያዣ ብቻ ይሆናል።

ቀድሞ ስለ ገቡትስ? በጦርነቱ ጊዜ በየበረሃው መንገድ የተጫኑት ባትሪዎች ቀረጥ አልከፈሉ ይሆናል፤ ያመጣቸው ነጋዴ ተሰድዶ፣ ሱቁም ተዘርፎ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ባለዕዳ ቢፈለግ አይገኝም። ስለ እነርሱ የሚከፈለው ገንዘብ ከተማይቱን መልሶ ለመሥራት ከሚመደበው ገንዘብ ውስጥ መውጣት ይኖርበታል፤ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ሲጠገን ማን ሰበረው ተብሎ እንደማይጠበቅ ሁሉ። አለዚያ በኦምዱርማን አንድ አባወራ ሁለት የሞቱ ባትሪዎችን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ዋጋ የሚጠራለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም መጥረቢያውን ይዞ ከከሰሉ አጠገብ የተቀመጠው ነው።